ተንታኙን ብቻ ወደ ራስት ማዛወር፦ ሜሞሪውን ማን ይልቀቅ?

ሰላም ለሁላችሁ። ከ40 ሺህ መስመር የሲ ፕላስ ፕላስ ኮድ ውስጥ ከውጭ የሚመጣ ፋይል የሚተነትነው 3 ሺህ ያህሉ ነው። አድረስ ሳኒታይዘር (የሜሞሪ ስህተት የሚይዘው መሣሪያ) ደጋግሞ የሚያወጣው አንድ ስህተት ነው፦ ቬክተሩ (እየሰፋ የሚሄደው ዝርዝር) ሲሞላ ሜሞሪው ወደ ሌላ ቦታ ይዛወራል፤ ቀድሞ የተያዘው ፖይንተር (የሜሞሪ አድራሻ) ግን የተለቀቀውን ቦታ እንደጠቆመ ይቀራል። በፖይንተር ፈንታ ኢንዴክስ (በዝርዝሩ ውስጥ ያለውን ተራ ቁጥር) መያዝ ይህንን ይፈታል፣ ቀጣዩን ተመሳሳይ ስህተት ግን ኮምፓይለሩ አይከለክልም። ሁሉንም እንደ አዲስ መጻፍ እብደት ስለሆነ ተንታኙን ብቻ ይህን ዓይነት ስህተት ኮምፓይለሩ በሚከለክልበት በራስት ቋንቋ ልተካ ነው።

የተያዝኩት የሁለቱ ቋንቋዎች ድንበር ላይ ነው። ራስት የመደበውን ሜሞሪ ሲ ፕላስ ፕላሱ በራሱ ማስለቀቂያ በ«ፍሪ» ከለቀቀው ሂፑ (ሜሞሪ የሚመደብበት ቦታ) ሊበላሽ ይችላል። ማስለቀቂያ ፈንክሽን ከራስት በኩል ላውጣ፣ ወይስ ጠሪው (ሲ ፕላስ ፕላሱ) ባፈር፣ ማለትም ውጤቱ የሚጻፍበት ሜሞሪ፣ መድቦ ያቀብል? ችግሩ የውጤቱ መጠን ቀድሞ አይታወቅም፤ መጠኑን ለማወቅ ብሎ ሁለት ጊዜ መተንተን ደግሞ ያዘገያል። የሠራችሁበት ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።