ከሐዋሳ ወደ ሐመር የሦስት ሳምንት አገልግሎት፦ ሁለታችንም ተማሪዎች ነን፣ እንዴት እናመቻቸው?

ጠያቂ፦ ጥንዶቹ ከአቶቴ

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ባለፈው ጥር የተጋባን ባልና ሚስት ነን። ሐዋሳ አቶቴ አካባቢ በኪራይ እንኖራለን። እኔ ቀን እየሠራሁ አካውንቲንግ በኤክስቴንሽን እማራለሁ፤ የመጨረሻ ዓመቴ ስለሆነ የመውጫ ፈተናም አለብኝ። ባለቤቴ የግል ትምህርት ቤት ያስተምራል፣ ማታ ማታ ደግሞ የነገረ መለኮት ዲፕሎማ ይማራል።

ቤተ ክርስቲያናችን ሐመር ወረዳ ዲመካ አካባቢ ላለ አጥቢያ ለሦስት ሳምንት ልትልከን አስባለች። የታሰበው የፋሲካ ሰሞን ነው። ሁለታችንም ሐመርኛ አንችልም። የምንጠይቀው፦ ጊዜው ልክ ነው ወይ? ወረቀቱና መንገዱ እንዴት ነው? ለጤናስ ምን እንያዝ? ትምህርቱንና የቤቱን ወጪ እንዴት እናስተካክል? የምታውቁ ዝርዝሩን ብትነግሩን ጌታ ይባርካችሁ።

መልስ 1፦ የጉዞ አስተባባሪ

ለእናንተም ሰላም ይብዛላችሁ። ከጊዜው ልጀምር፣ ሌላው እሱን ተከትሎ ይመጣል።

የፋሲካውን ሰሞን ተዉት። ሐዋሳ ሆነን ስናስበው ዝናብ ማለት ክረምት ነው። ሐመር እንደዚያ አይደለም፤ የዚያ ቆላ ዋና ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው፣ አነስ ያለው ደግሞ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ይጥላል። ሚያዝያ ላይ በዲመካና በቱርሚ በኩል መንገዱን የሚያቋርጡት ደረቅ አሸዋማ ወንዞች በድንገት ይሞላሉ። ዝናቡ የጣለው ላይኛው አገር ስለሚሆን እናንተ ያላችሁበት ሰማይ ጠርቶ ሳለ ደራሹ ይመጣል። ሹፌሩ ውኃው እስኪጎድል ልጠብቅ ካለ አትቸኩሉበት። ወባም የሚበረታው ዝናቡ ካባራ በኋላ ባሉት ሳምንታት ነው።

ከሐምሌ አጋማሽ እስከ ነሐሴ ያለው ይሻላችኋል። ይህን ግን አስቀድማችሁ እወቁ፦ በደረቁ ወቅት ወጣት ወንዶቹ ከብቱን እየነዱ ግጦሽ ወዳለበት ይርቃሉ። መንደር የሚቀሩት በአብዛኛው እናቶች፣ ሕፃናትና ሽማግሌዎች ናቸው። ስለዚህ "የወጣቶች ኮንፈረንስ" የሚል ዕቅድ ይዛችሁ አትሂዱ።

መንገዱ ከሐዋሳ በሻሸመኔ፣ በአላባና በሶዶ አድርጎ አርባ ምንጭ ነው። ከዚያ ኮንሶ፣ ወይጦ፣ ቀይ አፈር፣ ጂንካ። ዲመካ ለመሄድ ቀይ አፈር ላይ ወርዶ ወደ ደቡብ መታጠፍ ይቀርባል። ቢሆንም የደቡብ ኦሞ ዞን ጽሕፈት ቤቶች አሁንም ጂንካ መሆናቸውን ከተቀባዮቻችሁ አረጋግጡና መጀመሪያ እዚያ ግቡ። ወረቀት ሳይዙ በቀጥታ ወረዳ የሚገቡ ሰዎች "ከዞን አጽፋችሁ ኑ" ተብለው ያንኑ መንገድ ይመለሱበታል።

ቀናቱን ከገበያው ጋር አስማሙ፤ ተሽከርካሪ የሚገኘው በገበያ ቀን ነው። የቀይ አፈር ገበያ ሐሙስ ነው፣ የዲመካ ማክሰኞና ቅዳሜ፣ የጂንካ ቅዳሜ፣ የቱርሚ ሰኞ። ሰኞ ከንጋቱ 11 ሰዓት መናኸሪያ ተገኝታችሁ አርባ ምንጭ ታድራላችሁ፤ ማክሰኞ ጂንካ ትገባላችሁ፤ ረቡዕ ወረቀት ትጨርሳላችሁ፤ ሐሙስ በጠዋት ከገበያተኛው ጋር ቀይ አፈር ወርዳችሁ ወደ ዲመካ የሚሄድ ትይዛላችሁ። የቢሮውን ሥራ ዓርብ ላይ አትጣሉት፤ መሥሪያ ቤቶች ከ5፡30 እስከ 7፡30 ዝግ ናቸው፣ የሚፈርመው ሰው ከዚያ በኋላ ካልተገኘ እስከ ሰኞ ትቀመጣላችሁ።

ደብዳቤውን በተመለከተ፣ በቅድሚያ ተቀባዩ አጥቢያ ወይም የጂንካው የቤተ ክርስቲያን ቢሮ የጥሪ ደብዳቤ ይጻፍላችሁ። ከዚያ የእናንተ ቤተ ክርስቲያን ማኅተም ያለበት የድጋፍ ደብዳቤ ትጽፋለች፤ የሁለታችሁ ሙሉ ስም፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ የምትገቡበትና የምትወጡበት ቀን፣ የተቀባዩ አጥቢያ ስም ይኑርበት። ኮፒ ሳይሆን ማኅተም ያረፈበት ዋናውን በሦስት አሠሩ፤ አንዱ ለዞን፣ አንዱ ለወረዳ፣ አንዱ በእጃችሁ የሚቀር። የጋብቻ ምስክር ወረቀታችሁንም ኮፒ ያዙ፤ አዲስ ተጋቢዎች ስለሆናችሁ ማረፊያ ቤት ላይ ጥያቄ ያሳጥርላችኋል።

ከሁሉም በላይ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው፣ የምትሄዱት ሠራተኛ ወዳለበት እርሻ መሆኑን ነው። ሚስዮናውያን ወላይታ ሶዶ የደረሱት በ1928 እ.ኤ.አ. ነው፤ በጣሊያን ወረራ ጊዜ በ1937 ከአገር ሲወጡ ጥቂት ደርዘን የተጠመቁ አማኞችን ብቻ ነበር ትተው የሄዱት። ከዚያ በኋላ ወንጌልን ወደ ጋሞ፣ ወደ ጎፋና ወደ ኣሪ ያደረሱት የወላይታ ወንጌላውያን ናቸው፤ ሚስትና ልጆቻቸውን ይዘው ቋንቋውን እዚያው እየተማሩ። ዛሬ ዲመካ የሚቀበላችሁ ወንጌላዊ የእነዚህ ሰዎች ወራሽ ነው። ፕሮግራሙን እሱ ያውጣ፣ እናንተ በተመደባችሁበት ግቡ።

መልስ 2፦ ጤና መኮንን

የጤናውን እኔ ልጨምር።

ወባ፦ ሐዋሳም ወባ አለ፣ "ለምደነዋል" የሚያድን ግን አይደለም። በኬሚካል የተነከረ የሁለት ሰው አጎበር ያዙ። አዲስ ከሆነ ከፌስታሉ አውጥታችሁ 24 ሰዓት ጥላ ውስጥ አናፍሱት። ስታጥቡትም ፀሐይ ላይ አታስጡት፣ ፀሐይ መድኃኒቱን ያዳክመዋል። ዳርና ዳሩን ፍራሹ ሥር አስገቡ። አራት ሚስማርና 10 ሜትር ሲባጎ ያዙ፤ ብዙ ሰው አጎበር ይዞ ሄዶ የሚሰቅልበት አጥቶ ተከናንቦት ያድራል። ገላን የነካ አጎበር ደግሞ ትንኟን አይከለክልም፣ በቀዳዳው በኩል ትነክሳለች።

መከላከያ ክኒን ከፈለጋችሁ ሐኪም አማክሩ። ዶክሲሳይክሊን ከሆነ የታዘዘላችሁ 100 ሚሊ ግራም በቀን አንዴ፣ ከመግባታችሁ 1 ወይም 2 ቀን በፊት ተጀምሮ፣ ከወጣችሁ በኋላ 4 ሳምንት ይቀጥላል። ሰው የሚያቋርጠው ቤቱ ሲገባ ነው፣ የሚታመመውም በዚሁ ምክንያት ነው። በምግብና በብዙ ውኃ ዋጡት፣ ውጣችሁ ወዲያው አትተኙ፤ ጉሮሮ ያቆስላል። ነፍሰ ጡር አትወስደውም። እህቴ፣ አዲስ ተጋቢ ነሽና ከመነሳታችሁ በፊት ባለው ሳምንት የእርግዝና ምርመራ አድርጊ። እርጉዝ ከሆንሽ ይህን ጉዞ ለሌላ ጊዜ አስተላልፉት። ወባ በእርግዝና ጊዜ ለእናቲቱም ለጽንሱም ከባድ ነው፣ ለማከሚያነት ከሚሰጡት መድኃኒቶችም ፕሪማኪን ለነፍሰ ጡር አይሰጥም።

ቢጫ ወባ፦ ደቡብ ኦሞ ውስጥ በ2013 እ.ኤ.አ. ወረርሽኙ ተረጋግጦ ነበር። ክትባቱ አንድ ጊዜ ነው፣ ቢያንስ ከጉዞው 10 ቀን በፊት መወሰድ አለበት።

ካላዛር፦ ረጅም ትኩሳት የሚያመጣ የቆላ በሽታ ነው፣ ከተማ ያደገ ሰው አያውቀውም። በሽታውን የምታስተላልፈው አሸዋ ዝንብ በዚያ ቆላ ቀን ቀን የምትደበቀው ኩይሳ ውስጥ ነው። ሲመሻሽ ኩይሳ ላይ ወይም ሥሩ ተቀምጣችሁ አትጫወቱ። ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ትኩሳት ካለና የወባ ምርመራው ነፃ ካሳየ ካላዛርን ጠርታችሁ ተመርመሩ።

ውኃ፦ የደፈረሰ ውኃ ላይ ውኃ አጋር (የውኃ ማከሚያ ክሎሪን) ብታፈሱበት ጭቃው መድኃኒቱን ይበላዋል። አስቀድማችሁ አዝቅጡት፣ በአራት የታጠፈ ንጹሕ ነጠላ አጥልሉት፣ ከዚያ በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ ጨምራችሁ 30 ደቂቃ ጠብቁ። ከፈላ ደግሞ ከተንፈቀፈቀ በኋላ አንድ ደቂቃ ይበቃዋል። ለተቅማጥ በውኃ ተበጥብጦ የሚጠጣውን ኦአርኤስ 10 ፓኬት ያዙ፤ አንዱ ለአንድ ሊትር ነው። ካለቀባችሁ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሁለቱም ልሙጥ እንጂ የተቆለለ አይሁን።

ከተመለሳችሁ በኋላ ትኩሳት ቢነሳባችሁ፣ ወር ቢያልፍም፣ ለመረመራችሁ ሰው "ደቡብ ኦሞ ነበርን" በሉ። ካልተናገራችሁ ታይፎይድ ተብሎ ሊታለፍ ይችላል።

መልስ 3፦ የማታ ተማሪ አማካሪ

የመውጫ ፈተናው ከሁሉም ይቅደም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ እሱ ዲግሪ የለም፣ ማለፊያው 50 ከመቶ ነው። ቀኑ ሲቃረብ የሚለወጥበት ጊዜ ስላለ ተፈትነሽ ሳትወጪ ትኬት አትቁረጡ። ለቤተ ክርስቲያኒቱም "ከፈተናዬ በኋላ ባለው ሁለተኛ ሳምንት" ብላችሁ አስታውቁ እንጂ ቁርጥ ቀን አትስጡ።

ለባልሽ፦ የነገረ መለኮት ትምህርት ቤቶች ክረምት ላይ አጫጭር ኮርሶችን ጨምቀው ይሰጣሉ። ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ በተለመደው አቆጣጠር 48 የክፍል ሰዓት ነው፤ ያ በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት ሲታጨቅ አንድ ሳምንት መቅረት ማለት ኮርሱ ሄደ ማለት ነው። ስለዚህ የዚህን ክረምት ኮርስ አይመዝገብ፣ ወይም የተመዘገበ ከሆነ በአድ ኤንድ ድሮፕ (ኮርስ መጨመሪያና ማስወጫ) ጊዜ ውስጥ በጽሑፍ ያስወጣው። ዝም ብሎ መቅረት ኤፍ ያመጣል። የተሻለው መንገድ ጉዞውን ለመስክ ልምምድ እንዲያዝለት አስቀድሞ ዲኑን መጠየቅ ነው። ፈቃዱ በደብዳቤ ይሁን፣ የወንጌላዊው የግምገማ ፎርምም ተሞልቶ ይምጣ።

ቤቱን በተመለከተ አጭር ነው። የሐምሌንና የነሐሴን ኪራይ፣ የዕቁቡንና የእድሩን ከፍላችሁ ውጡ። አሥራታችሁን ለጉዞው አታውሉት፣ የጉዞው ገንዘብ ለብቻው ይሰብሰብ። ገንዘቡን በሦስት ክፈሉት፦ የደርሶ መልስ ትራንስፖርት፣ የቀለብ፣ የማይነካ። የማይነካው ከዲመካ ሐዋሳ የሁለት ሰው መሳፈሪያ፣ የሁለት ሌሊት አልጋና የአንድ ክሊኒክ ወጪ ይሸፍን። ኔትወርክ ሲጠፋ ቴሌብር ስለማይሠራ ጂንካ ላይ ጥሬ ገንዘብ አውጡ፣ አብዛኛው ባለ 50ና ባለ 100 ይሁን፤ ዲመካ ላይ የ200 ብር ዝርዝር ማግኘት ያስቸግራል። ግማሹን አንቺ፣ ግማሹን እሱ ይያዝ።

ጠያቂ፦ ጥንዶቹ ከአቶቴ

እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ተባረኩ። ወደ ሐምሌ መጨረሻ እንዲዛወር ለሽማግሌዎች እንነግራለን። አንድ የቀረን፦ የምናርፈው ወንጌላዊው ቤት ነው። ሸክም እንዳንሆንባቸው ምን ይዘን እንሂድ? በአስተርጓሚ ማስተማሩስ እንዴት ነው የሚሠራው?

መልስ 4፦ የወንጌላዊ ባለቤት

ልጆቼ፣ ይህን በመጠየቃችሁ ደስ አለኝ። እንግዳ ሲመጣ ሥራው የሚበዛው በቤቱ እመቤት ላይ ነው፣ ከሁሉ የሚከብደውም ውኃው ነው። ሁለት እንግዳ ማለት በቀን ቢያንስ አንድ ተጨማሪ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ነው። ስለዚህ ውኃ መቅዳቱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የእናንተ ይሁን፣ ባልየውም ይቅዳ።

ቀለብ ከሐዋሳ የምትይዙት የማይበላሸውን ነው። ለሁለት ሰው ለሦስት ሳምንት ሽሮ 2 ኪሎ፣ በሶ 2 ኪሎ፣ ድርቆሽ 3 ኪሎ፣ ዳቦ ቆሎ እንደ አቅማችሁ። በርበሬ፣ ዘይትና ስኳር ጂንካ ላይ ግዙ፣ ከሐዋሳ መሸከም ትርፉ ድካም ነው። ድርቆሹን በፌስታል አትቋጥሩት፣ በሙቀቱ ያልባል፣ ከዚያ ይሻግታል፤ በጨርቅ ከረጢት ይሁን። ደርሳችሁ ሁሉንም ለእመቤቲቱ አስረክቡና ከእሷ ማዕድ ብሉ። ለብቻ ማብሰል ያስቀይማል።

ሐመሮች ቤት ስትገቡ ከቡና ገለባ የሚፈላውን በቅል ይሰጧችኋል። ትኩስ ነው፣ የፈላ ነው፣ በሁለት እጅ ተቀበሉና ጠጡ። ልብስም ሆነ ገንዘብ በእጃችሁ አትስጡ። የምትሰጡት ካለ በወንጌላዊው በኩል በአጥቢያው ስም ይሁን፤ እናንተ በሦስት ሳምንት ትሄዳላችሁ፣ "ለእገሌ ሰጥተህ ለእኔ ነፈግህ" የሚባለው እሱ ነው። ፎቶም እሱ ሳይፈቅድ አይሁን። ቱሪስት ለፎቶ ስለሚከፍል ካሜራ ሲወጣ ገበያ የመጣ ይመስላቸዋል፣ ጸሎት ላይ የነበረው ጉባኤ ይበተናል።

ስለ አስተርጓሚው፦ የ20 ደቂቃ ትምህርት 40 ደቂቃ ይሆናል፣ ስለዚህ በግማሽ አዘጋጁ። ምሽቱን ከአስተርጓሚው ጋር ተቀምጣችሁ ታሪኩን በአማርኛ ንገሩት፣ እሱ መልሶ ይንገራችሁ። የተዛባውን እዚያው አቃኑት። መድረክ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ተናግራችሁ ዝም በሉ፣ ግማሽ ሐሳብ ላይ አትቁረጡ። ጥቅስ ከማብዛት አንድ ታሪክ ከነሰዎቹ መናገር ይሰማል። የጠፋው በግ ለከብት አርቢ ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ ባለቤቱ ስንት ቀን እንደፈለገ፣ ዘጠና ዘጠኙን ለማን እንደተወ ይጠይቋችኋል፣ መልሱን አስባችሁ ሂዱ።

አንቺ ልጄ፣ ዋናው ሥራሽ ከሴቶቹ ጋር ወንዙ ዳርና ወፍጮ ድንጋዩ ላይ ነው። አስተርጓሚሽ ሴት እንድትሆን ከአሁኑ አስጠይቂ፤ በወንድ በኩል ስለ ወሊድና ስለ ቤታቸው አይነግሩሽም። ለሁለታችሁ ደግሞ፣ በቀን አንድ ሰዓት ብቻችሁን የምትሆኑበትን ጊዜ ለወንጌላዊው ንገሩት፤ ቤቱ አንድ ክፍል ከሆነ ጠዋት ውኃ ስትወርዱ ይሁን። አዲስ ተጋቢዎች እዚያ የሚጣሉት በትልቅ ነገር አይደለም፣ ቀኑን ሙሉ በሰው መሐል ውለው ሳይነጋገሩ ስለሚያድሩ ነው።

መልስ 5፦ የጉዞ አስተባባሪ

አንድ ረስቼ ነበር። በሐመርኛ የተቀዳ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ድምፅ ካገኛችሁ ሐዋሳ እያላችሁ ሚሞሪ ካርድ ላይ አስጭኑ። ለወንጌላዊው በሶላር የሚሞላ፣ ካርድ የሚቀበል ትንሽ ማጫወቻ ብትወስዱለት ከምንም በላይ ይጠቅመዋል። ስትገዙ ሱቁ በር ላይ ፀሐይ ላይ አድርጋችሁ መሙላቱን እዩ፤ ሶላሩ ለስሙ ብቻ የተለጠፈበት ብዙ አለ።