ጥቆማ፦ ድርብርብ የብረት ኦክሳይድ ለመሥራት ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ የቱ ያዋጣል?

ጠያቂ፣ የማስተርስ ተማሪ፣ ደሴ
ኢተርቢየም፣ ብረትና ኦክስጅን በ1፣ 2፣ 4 ጥምርታ ያሉበትን ድርብርብ ውህድ 2 ግራም ያህል መሥራት እፈልጋለሁ። ምድጃ፣ ጋዝ፣ ሚዛን፣ ኤክስአርዲ (የክሪስታል መዋቅር በኤክስሬይ የሚለይ መሣሪያ)፣ ማንኛውንም ጠቁሙኝ። ላንታነም ኦክሳይድ በእጄ አለ፤ ኢተርቢየሙን ይተካልኛል?

የኢንኦርጋኒክ መምህር፣ ደሴ
አይተካም። ይህን መዋቅር የሚሸከሙት አነስ ያለ አዮን ያላቸው ናቸው፦ ሆልሚየም፣ ኤርቢየም፣ ቱሊየም፣ ኢተርቢየም፣ ሉቴሺየም፣ ከእነሱ ጋር ኢትሪየም። የላንታነም አዮን ለዚህ መዋቅር ይሰፋል። አንድ የኢተርቢየም ንጣፍ፣ ከዚያ ጥንድ የብረት ንጣፍ፣ እንደገና ኢተርቢየም እያለ ይደረደራል፤ በጥንዱ ውስጥ ብረቶቹ በሦስት ማዕዘን ይሰለፋሉ። እየተደጋገመ ክሪስታሉን የሚሠራው አሃድ ወርዱ 3.45፣ ቁመቱ 25 አንግስትሮም (አንዱ የሜትር አሥር ቢሊዮንኛ) አካባቢ ነው። የብረቱ አማካይ ቻርጅ 2.5 (ግማሹ +2፣ ግማሹ +3) መሆኑን አትርሳ፤ ችግሩ ሁሉ የሚመጣው ከዚያ ነው። ኦክስጅን ከተረፈ ጋርኔት ወይም ፔሮቭስካይት፣ ማለትም ሌላ መዋቅር ያላቸው የኢተርቢየምና ብረት ኦክሳይዶች፣ ታገኛለህ።

ላንታነሙን መጣል ግን የለብህም። ከስትሮንቲየም ካርቦኔትና ከፌሪክ ኦክሳይድ ጋር በ1፣ 1፣ 1፣ 4 የሚሠራው ድርብርብ ውህድ ብረቱ ሁሉ +3 ስለሆነ አየር ላይ፣ 1300 ዲግሪ አካባቢ ይሠራል። ለጀማሪ እኔ የምመርጠው ይህን ነው። ላንታነም ኦክሳይድ እርጥበት ይጠጣል፤ ሙሉ በሙሉ ሃይድሮክሳይድ ከሆነ 14 በመቶ የሚሆነው ክብደቱ ውሃ ነው። 1000 ዲግሪ ላይ አሳድረህ፣ ዴሲኬተር (እርጥበት የማያስገባ ዕቃ) ውስጥ አቀዝቅዘህ፣ ወዲያው መዝን።

የላብ ቴክኒሺያን፣ ኮምቦልቻ
ጋዙን በተመለከተ፦ የብየዳ ሱቆች አርጎን ይሸጣሉ፣ ብዙ ሰውም እሱን ካሳለፍኩ ይበቃል ይላል። አይበቃም። 1200 ዲግሪ ላይ ይህ ውህድ የሚፈልገው የኦክስጅን ግፊት ከከባቢ አየር ግፊት አንድ ቢሊዮንኛ ገደማ ነው። 99.99 በመቶ የተባለው አርጎን እንኳ ከዚያ በብዙ ሺህ እጥፍ የሚበልጥ ኦክስጅን ሊይዝ ይችላል። በትልልቅ ላቦራቶሪ ካርቦን ሞኖክሳይድና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቀላቅለው ግፊቱን ይቆጣጠራሉ፤ የጋዝ ማስጠንቀቂያና ጥሩ የአየር መሳቢያ በሌለበት ክፍል ይህን አልመክርም፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ይገድላል።

ያዋጣል የምለው የታሸገ ኳርትዝ ቱቦ ነው፤ ኦክስጅኑ የሚወሰነው በምትመዝነው ብረት ስለሆነ ጋዝ አያስፈልግም። ለ2 ግራም፦
ኢተርቢየም ኦክሳይድ 1.1300 ግራም
ፌሪክ ኦክሳይድ 0.7632 ግራም
የብረት ዱቄት 0.1068 ግራም
ዱቄቱን ፈጭተህ፣ ፔሌት (በግፊት የተጠቀጠቀ እንክብል) አድርገህ፣ በትንሽ የአሉሚና ክሩሲብል (ሙቀት የሚችል ጽዋ) ቱቦው ውስጥ አስገባ፤ ኳርትዙን በቀጥታ ከነካው ይበላዋል። በቫኪዩም እየሳብክ 150 ዲግሪ ያህል አሙቀውና እርጥበቱን አስወጣ፣ ከዚያ አሽግ። 1100 ዲግሪ፣ 48 ሰዓት።

ፓምፑ ላይ ገንዘብ አታባክን። የፍሪጅ ጠጋኞች የሚይዙት ባለ ሁለት ደረጃ ቫኪዩም ፓምፕ ይበቃል፤ በ10 ሚሊ ሊትር ቱቦ ውስጥ የሚቀረው አየር ከናሙናው አንጻር ኢምንት ነው። ለማሸጊያው ግን የቡቴን ችቦ ኳርትዝ አያቀልጥም፤ ኦክስጅንና ፕሮፔን ያስፈልጋል። የብየዳ ቤት ኦክስጅን ለዚህ ደህና ነው። ቱቦውን በአልኮል ጥረግ፤ የጣት አሻራ ያረፈበት ቦታ በሙቀት ነጭ ይሆንና ይሰነጠቃል። ካርቦኔት ደግሞ ፈጽሞ አታሽግ፣ ይፈነዳል።

የዱቄት ሜታለርጂ ባለሙያ፣ ኮምቦልቻ
ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ የሚያበላሸው ግን ከፓምፑ ይልቅ የብረት ዱቄቱ ነው። ጠርሙሱ ከተከፈተ ከከረመ ዝጓል፤ ዝገት ማለት ያልቆጠርከው ኦክስጅን ነው። አነስተኛ ጠርሙስ ካርቦኒል አይረን (በጣም ንጹህና ደቃቅ የብረት ዱቄት) አዲሱን ግዛ። የቶርኖ ፍቅፋቂ አትጠቀም፤ ካርቦኑ በቱቦው ውስጥ ጋዝ ይፈጥራል፣ ማንጋኒዝና ሲሊከንም አለበት። የቀለም መደብር ቀይ ኦክሳይድም ርካሽ ነው እንጂ ሸክላና አሸዋ የተቀላቀለበት ሊሆን ይችላል፤ ፔሌት መጫን ለመለማመድ ብቻ ይሁን።

ሚዛን፦ 0.01 ግራም የሚያነብ የወርቅ ቤት ሚዛን ለዚያ 0.1068 ግራም ብረት 9 በመቶ ስህተት ነው። 0.001 የሚያነብ ወደ 1 በመቶ ያወርደዋል፤ ትክክለኛው 0.0001 ነው። ሙቀጫው አጌት (ጠንካራ የድንጋይ ዓይነት) ይሁን። በንጹህ ኢታኖል ፍጭ፤ የእጅ ሳኒታይዘር ግሊሰሪን ይተውበታል፣ ካቲካላም ውሃ አለበት (ሳቅ የሚያስነሳ ጥያቄ ይመስላል፣ ግን ይጠየቃል)። የፔሌት ሻጋታ ካጣህ ጎበዝ ቶርኖ ቤት 13 ሚሊ ሜትር ከቱል ስቲል ያወጣልሃል፤ በመኪና ክሪክ ይጫናል።

ጠያቂ
ምድጃስ? መብራት ቢጠፋስ?

የላብ ቴክኒሺያን፣ ኮምቦልቻ
አብሽር። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ስትጠይቅ «ምድጃ አላችሁ?» ብለህ አታቁም። ማሞቂያ ሽቦው ምንድን ነው በል፤ ኒክሮም ከሆነ 1100 ዲግሪ ላይ 48 ሰዓት ያስጨንቀዋል፣ ካንታል ይሻላል፣ ለላንታነሙ 1300 ዲግሪ ሲሊከን ካርባይድ ይፈለጋል። ቴርሞካፕሉ (የሙቀት መለኪያው) ኬ የሚባለው ዓይነት ከሆነ ከ1000 በላይ ንባቡ እየሳተ ይሄዳል፣ ኤስ የሚባለውን ምረጥ። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ፕሮግራሙ ካቆመበት ይቀጥላል ወይስ ከመጀመሪያው ይነሳል የሚለውን አስቀድመህ አስተካክል። የታሸገ ቱቦ በመሃል ቢቀዘቅዝ አይበላሽም፤ ሰዓቱን ትጨምራለህ።

የኢንኦርጋኒክ መምህር፣ ደሴ
ኤክስአርዲ አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ከመላክህ በፊት ግን ማግኔት አስጠጋበት። ይህ ውህድ ማግኔታዊ ሥርዓት የሚይዘው ከዜሮ ዲግሪ ብዙ ዝቅ ብሎ ነው፤ በክፍል ሙቀት ዱቄቱ ዘሎ ከተጣበቀ ያልተዋሐደ ብረት፣ ማግኔታይት ወይም ጋርኔት አለበትና መላኪያውን አታውጣ። ስትልክ የኤክስሬዩ ቅኝት ከ5 ዲግሪ (ማዕዘን ነው፣ ሙቀት አይደለም) እንዲጀምር በጽሑፍ ጠይቅ። ብዙ ጊዜ ከ20 ይጀምራሉ፤ የንጣፍ ድርድሩን የሚያሳየው የግራፉ የመጀመሪያ ጫፍ ግን 10.5 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ሁለተኛው 21 ላይ። 32.5 ላይ የሚወጣ ጋርኔት ነው። በመዳብ ጨረር ብረት ራሱ ስለሚያበራ የግራፉ ወለል ከፍ ይላል፤ ሞኖክሮሜተር (ያልተፈለገውን ጨረር የሚያጣራ) ካለ ይጠቀሙልህ፣ ከሌለ በየእርምጃው የሚቆይበትን ጊዜ አስረዝም።