እማዬ ኬሞ ከጀመረች እንቅልፍ እምቢ አላት

ጠያቂ፦ ሰላም እህት ወንድሞች፣ እማዬ የጡት ካንሰር አለባትና ከኮምቦልቻ ደሴ እየተመላለስን ነው፣ ኬሞ የሚሉትን የካንሰር መድኃኒት የወሰደች ቀን አይኗን ሳትከድን ይነጋል፣ ቀን ትተኛና ማታ ደግሞ ዝም ብላ ታለቅሳለች፣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ። ማስመለስ እንዳይኖር ዴክሳሜታሶን ከሰጧት እሱ እንቅልፍ ይነሳል፣ ጠዋት መውሰድ ትችል እንደሆነ ሀኪሟን ጠይቂ፣ በራስሽ ግን እንዳታቋርጪባት።

መልስ፦ የማታውን ቡና ተዉት፣ ለኛ ለወሎዬ ከባድ ነው አውቃለሁ 😢 የቀን እንቅልፏም ይጠር።

መልስ፦ እኔ ራሴ ታክሜያለሁ፣ ሌሊት ከህመሙ በላይ ሀሳቡ ነው የሚያስፈራው፣ በርቺ በርቺ ሲሉኝ ይብስብኝ ነበር፣ እህቴ ዝም ብላ አጠገቤ ስትቀመጥ ግን ይቀለኝ ነበር። ልቅሶው ከቀጠለ ለሀኪሟ ንገሪ፣ ድብርትም እኮ ይታከማል።

ጠያቂ፦ አላህ ይስጥልኝ፣ የዛሬን ማታ አጠገቧ ነኝ።