«ስድስት ቀን ብቻ»

ታዛቢው፦ ትናንት አንዱ እዚህ «እስረኛ ጠባቂ ሲከስ ያስቀኛል» ብሎ ጽፎ ስንቱ ሳቀለት። እስቲ በዚህም ሳቁ። በፈረንጆቹ 2013 ቴክሳስ ውስጥ አንድ እስረኛ ከወለል እስከ ጣሪያ፣ የቧንቧው አፍ ሳይቀር፣ ሰገራ በተለወሰ ክፍል ተቆለፈበት። እበከላለሁ ብሎ አራት ቀን ገደማ እህል ውኃ አልቀመሰም። ቀጥሎ አጥንት የሚሰረስር ብርድ ያለበት ክፍል አስገቡት፤ የወለሉ የፍሳሽ መውረጃ ተደፍኖ ሞልቶ ስለነበር ራቁቱን እዚያው ቆሻሻ ላይ ተኛ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ምን ቢል ጥሩ ነው? «ለስድስት ቀን ብቻ» ከሆነ ክልክልነቱ በግልጽ አልታወቀም፣ ጠባቂዎቹ አይጠየቁም!

ቀጥ ያለው፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ምን ይጠበስ? ይሄ ሁሉ ከሳሹ ያለው ነው። እስር ቤት ደግሞ ሆቴል አይደለም።

የሕግ ተማሪዋ፦ እኔን ያቃጠለችኝ «ብቻ» የምትለዋ ናት። ስንተኛው ቀን ላይ ነው «ብቻ» የምትቀረው? ሰባተኛው?

ቀጥ ያለው፦ ቃላት አትሰንጥቂ። ዳኞቹ መብቱ አልተጣሰም አላሉም እኮ። ጠባቂው አስቀድሞ በግልጽ የሚያውቅበት ፍርድ አልነበረም ነው ያሉት።

ታዛቢው፦ ሰው ሰገራ ላይ እንደማይተኛ ደብዳቤ ይጻፍላቸው? ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እኮ በ2020 «ማንም ማስተዋል ያለው ጠባቂ ይሄ ይፈቀዳል ሊል አይችልም» ብሎ ሻረው።

ቀጥ ያለው፦ ክሱ ይቀጥል አለ እንጂ አሸነፈ አላለም። እልልታው ይቆየን። ደሞ ስንቱ ነው ሾርባ ቀዘቀዘብኝ ብሎ የሚከሰው።

ወንፊት፦ ለሾርባው ብለው አይደል አሜሪካኖቹ በፈረንጆቹ 1996 የእስረኞችን ክስ የሚገድበውን ሕግ ያወጡት? መጀመሪያ እዚያው ወህኒ ቤት ቅሬታ አስገባ፣ ቀኑ ካለፈህ አለቀልህ። ቅሬታውን የሚያዩት እነማን ናቸው? የምትከሰው ጠባቂ ባልደረቦች። ድሃ ነኝ ብትል እንኳ የክስ መክፈቻው 350 ዶላር ካለችህ ሳንቲም በየወሩ ይቆረጣል። ሦስት ጊዜ «ፍሬ የለውም» ተብሎ ከተጣለብህማ፣ ከባድ ጉዳት ካላፈጠጠብህ በቀር፣ ሙሉውን ቀድመህ ዱብ ታደርጋለህ።

ቀጥ ያለው፦ ጠባቂውስ ሰው አይደለም? ወንድሜ ወህኒ ጠባቂ ነበር። ስንቴ ተተፍቶበታል፣ ማን ከሰሰለት?

የሕግ ተማሪዋ፦ ወንድምህን አከብራለሁ። ያንን ክፍል ከፍቶ ቢያይ ዝም ይል ነበር?

ቀጥ ያለው፦ ወንድሜን ተይው!

ታዛቢው፦ አንተው አይደለህ ያመጣኸው?

የሕግ ተማሪዋ፦ እሺ ተውኩት። «ብቻ»ዋን ግን አልመለስክልኝም።

ቀጥ ያለው፦ ነገ ሥራ አለኝ፣ ደህና እደሩ።