ክብደት ለመቀነስ የሚደረግ ቀዶ ሕክምና ለስብ ጉበትና ለስኳር ሕመም ምን ይጠቅማል?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። ሜሪላንድ የምትኖረው የ46 ዓመት ታላቅ እህቴ ስኳር ከተገኘባት ስድስት ዓመት ሆኗታል፤ ሜትፎርሚንና ማታ ማታ ኢንሱሊን ትወስዳለች። በቅርቡ ጉበቷ ላይ ስብ መከማቸቱና ጠባሳ መጀመሩ ስለታወቀ ሐኪሟ ጨጓራን የሚያሳንስ ቀዶ ሕክምና እንድታስብበት መክረዋታል። እናታችን ግን «ለውፍረት ተብሎ ሆዷ አይከፈትም» ብለው አጥብቀው ተቃውመዋል። ሕክምናው ሁለቱን ሕመሞች በእርግጥ ያድናል ወይስ ክብደትን ብቻ ነው የሚቀንሰው?

ምላሽ፣ ከውስጥ ደዌ ሐኪም

የእናትዎ ስጋት ይገባኛል፤ ነገር ግን በእህትዎ ሁኔታ ላሉ ሕሙማን ቀዶ ሕክምናው ለመልክ የሚደረግ አይደለም። በጋስትሪክ ባይፓስ (ጨጓራን አሳንሶ ከትንሹ አንጀት ጋር በቀጥታ በሚያገናኘው ቀዶ ሕክምና) ምግቡ በአጭር መንገድ ወደ ታችኛው የትንሹ አንጀት ክፍል ስለሚደርስ ኢንሱሊን እንዲመነጭ የሚያግዘው ጂኤልፒ-1 የተባለው ሆርሞን በብዛት ይመነጫል፤ የሚበላውም መጠን ስለሚያንስ የደም ስኳር ብዙ ክብደት ሳይቀንስ በቀናት ውስጥ መውረድ ይጀምራል። ስለዚህ የኢንሱሊኗ መጠን ወዲያውኑ መስተካከል አለበት፤ አለበለዚያ ስኳሯ አደገኛ እስኪሆን ሊወርድ ይችላል።

ጉበትን በተመለከተ፣ በ2023 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣና 288 ሰዎችን ያካተተ የጣሊያን ጥናት አለ። ከአንድ ዓመት በኋላ ጠባሳው ሳይባባስ የጉበታቸው መቆጣት የጠፋላቸው በባይፓስ 56 በመቶ፣ በስሊቭ (የጨጓራው አብዛኛው ክፍል ተቆርጦ በሚወጣበት ቀዶ ሕክምና) 57 በመቶ ሲሆኑ፣ አመጋገብና አኗኗራቸውን በማስተካከል ብቻ የታከሙት ግን 16 በመቶ ነበሩ። ጠባሳው ከስቡ ዘግይቶ ነው የሚሻለው፤ ሲሮሲስ (ጉበቱ በጠባሳ ተሞልቶ የሚደድርበት ደረጃ) ደርሶ ሆድ ውሃ መቋጠር ከጀመረ ደግሞ ቀዶ ሕክምናው ራሱ ለሕይወት ያሰጋል።

ለስኳሩ «ያድናል» የሚለውን ቃል አልጠቀምም። በስዊድን ለረጅም ጊዜ በተደረገ ክትትል፣ ስኳራቸው ያለ መድኃኒት የተስተካከለላቸው በሁለተኛው ዓመት 72 በመቶ የነበሩ ሲሆን በ15ኛው ዓመት ወደ 30 በመቶ ወርደዋል። ሕመሙ ብዙ ያልቆየባቸው ይበልጥ ይጠቀማሉ፤ ስለዚህ እህትዎ ጊዜ ባያባክኑ እመርጣለሁ።

ምላሽ፣ ቀዶ ሕክምናውን ካደረገች እህት

እኔ ባይፓስ ካደረግሁ አራት ዓመቴ ነው፤ ኢንሱሊን አቁሜአለሁ፣ ሜትፎርሚን ግን እወስዳለሁ። በሁለተኛው ዓመት ዐቢይ ጾምን እንደ ቀድሞዬ እየጾምሁ የታዘዘልኝን ቫይታሚን ችላ በማለቴ ቢ12 እና ብረት አንሶኝ እግሬ መደንዘዝ ጀመረ፤ በመርፌ ነው የተስተካከለልኝ። እህትዎ ጿሚ ከሆኑ ለንስሐ አባታቸው አስቀድመው ይንገሩ፤ ቫይታሚኑ ዕድሜ ልክ እንደሚወሰድም ይወቁ።

ጠያቂው

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እህቴ ጿሚ ናት፣ ቃርም ያስቸግራታል። ከሁለቱ የትኛው ይሻላታል?

ምላሽ፣ ከውስጥ ደዌ ሐኪሙ

ስሊቭ ቃርን ሊያባብስ ስለሚችል፣ ቃር ላለበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ባይፓስ ይመረጣል። ከመወሰናቸው በፊት ግን የጉበታቸው ጠባሳ ስንተኛ ደረጃ ላይ እንዳለ ሐኪማቸውን ይጠይቁ፤ እናትዎም በዚያ ቀጠሮ አብረው ቢገኙ መልካም ነው።