አዲስ የታይሚንግ ቺንጋ ካስገባሁ ወዲህ ሞተሩ ያፏጫል፤ ቴንሽነሩ ይሆን?

ጠያቂ፣ ከሱሉልታ፦ ሰላም ወገኖች። መኪናዬ እ.ኤ.አ. የ1994 ኮሮላ ናት፤ ሞተሯ 4ኤ-ኤፍኢ። በየቀኑ እንጦጦን ተሻግሬ ፒያሳ እወርዳለሁ። ከሦስት ሳምንት በፊት የታይሚንግ ቺንጋዋን፣ ማለትም የፒስተኖቹንና የቫልቮቹን ዘንጎች አብሮ የሚያዞረውን ጥርሳም ቺንጋ፣ አስቀየርኩ። ቴንሽነሩ «ገና ነው» ተብሎ የድሮው ተመለሰ። አሁን ቤንዚን በሰጠኋት ቁጥር ታፏጫለች። ለመሆኑ ቴንሽነር ሥራው ምንድን ነው? ቺንጋው ጠበቅ ቢልስ ምን ይጎዳል?

ከሰበታ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ድምፁን ለይ። የውጭ ቺንጋዎቹን አውልቅና ሞተሩን ለግማሽ ደቂቃ ብቻ አስነሳ። የውሃ ፓምፑም ስለሚቆም አታቆየው። ድምፁ ከጠፋ ከእነሱ ነው፤ ታይሚንጉ ጋ አትድረስ።

ከቱሉ ዲምቱ፦ እኔ ቴንሽነሩን በካቻቢቴ ገፋ አድርጌ ነው ቡሎኑን የማስረው። እስካሁን ችግር አልገጠመኝም።

ጋራዥ የሚሠራ፣ ከለገጣፎ፦ በካቻቢቴ መግፋቱን እባካችሁ ተዉት። ቴንሽነር ማለት ኩሽኔታ ያለው ፑሌጃ ነው፤ ቺንጋው የሚላላበት በኩል ተደግፎ ይዞራል። በዚህ ሞተር ላይ ልኩን የሚሰጠው ሞላው ነው። ቡሎኑን ታላላለህ፣ ሞላው ፑሌጃውን ይስበዋል። ኮሎውን (ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን ዘንግ) በእጅ፣ ሞተሩ በሚዞርበት አቅጣጫ ሁለት ዙር ታዞራለህ። ፑሌጃዎቹ ላይ ያሉት የታይሚንግ ምልክቶች መግጠማቸውን አይተህ ቡሎኑን ታጠብቃለህ። ከዚያ በኋላ ሞላው ሥራውን ጨርሷል፤ ቺንጋው ቆይቶ ቢላላ አይከተለውም። ስለዚህ የመጀመሪያው አገጣጠም ወሳኝ ነው።

ከልክ በላይ የተወጠረ ቺንጋ ያፏጫል፣ ኩሽኔታውንም ይበላል። የላላ ደግሞ ጥርስ ይዘላል። የአንተ ሞተር ቺንጋ ቢበጠስ ቫልቭና ፒስተን አይጋጩም፤ መንገድ ላይ መቆም ብቻ ነው። ናፍጣዎቹ ላይ ግን ስለሚጋጩ ቴስታታ (ቫልቮቹ ያሉበትን የሞተሩን የላይኛ ክፍል) ያስከፍታል። እንደ 1ኬዜድ ያሉት የቶዮታ ናፍጣ ሞተሮች ለዚህ ነው ውስጡ ዘይት ያለው፣ ሁልጊዜ የሚገፋ ቴንሽነር ያላቸው።

ከቡራዩ፦ ፓራኦሊዮውንም (ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደውን ጎማ) እዩት። ዘይት የነካው ቺንጋ ዕድሜ የለውም።

ጠያቂ፦ ዛሬ ከፈትነው። የውጮቹ ወልቀውም ድምፁ ነበረ። ሞላው በቦታው የለም! ተገፍቶ ነው የታሰረው። ፑሌጃውም በእጅ ሲዞር ይንኮሻኮሻል። ሞላና ፑሌጃ ከሶማሌ ተራ ገዝቼ፣ የለገጣፎው ወንድማችን እንዳለው አስገጠምኩ። አመሻሹ ላይ የእንጦጦን ዳገት ወጣኋት፤ ፉጨቱ የለም። የካምሻፍቱ (የቫልቮቹ ዘንግ) ፓራኦሊዮ ትንሽ ያልብ ስለነበር እሱም አብሮ ተቀየረ። እግዜር ይስጥልኝ።