ለኅብረተሰብ የሚጠቅም የማኔጅመንት ጥናት በምን ይመዘን?

ጥያቄ፦ በአንድ የማኔጅመንት ትምህርት ክፍል የደረጃ ዕድገት ኮሚቴ አባል ነኝ። አንድ ባልደረባችን የአበባ እርሻ ሠራተኞች ፈረቃቸው ሲቀየር ልጆቻቸውን የት እንደሚያውሉ ለሁለት ዓመት ቢያጠናም፣ ቅጻችን የሚጠይቀው የመጽሔቱን ስም ብቻ በመሆኑ ድካሙ ከቁጥር አልገባለትም። ለእንዲህ ያለ ምሁር ዕውቅና ለመስጠት በሌላው ዓለም የተሞከረ መንገድ አለ?

መልስ 1፦ አለ። አን ትሱዪን ጨምሮ ከተለያዩ አገሮች የተውጣጡ የቢዝነስ ምሁራን እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት የአቋም ሰነድ፣ ጥናት ጠቃሚም ተአማኒም እንዲሆን ሰባት መርሆዎችን አስቀምጠዋል፤ ኅብረተሰብን ማገልገል፣ ባለድርሻዎችን በጥናቱ ማሳተፍና ውጤቱን በስፋት ማሰራጨት ከእነዚህ መካከል ናቸው። ይኸው ስብስብ በዘርፉ ለታተሙ ሥራዎች ሽልማትም ይሰጣል።

መልስ 2፦ ሽልማቱ መልካም ነው፤ ነገር ግን በዓመት ጥቂት ሰዎችን ብቻ ስለሚያነሣ የመምህሩን ዕድገት የሚወስነው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያው ቅጹ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የተረቀቀው የምርምር ምዘና መግለጫ የመጽሔት የጥቅስ መለኪያ (በመጽሔቱ የወጡ ጽሑፎች በሌሎች ምን ያህል እንደሚጠቀሱ የሚያሳይ ቁጥር) የአንድን ጽሑፍ ጥራት ወይም የአንድን ተመራማሪ አስተዋጽኦ ለመመዘን እንዳይውል ይጠይቃልና በእርሱ ተመርኩዛችሁ አመልካቹ ጥናቱን ማን እንደተጠቀመበት በአንድ ገጽ እንዲያስረዳ አድርጉ። ሆኖም ርእሰ ጉዳዩ አንጀት ስለበላ ብቻ የናሙናው ድክመት አይታለፍ፤ ጠንካራ የጥናት ዘዴም ከሰባቱ መርሆዎች አንዱ ነው።

ጠያቂው፦ አመሰግናለሁ። በቅጹ ግርጌ «ልዩ ልዩ» የሚል ማንም የማይሞላው ረድፍ ስላለ ሐሳቡን ከዚያ ጀምሬ ለኮሚቴው አቀርባለሁ።